ከተሠሩት ስንቱ ሠሩ?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የሳይንቲስቶች የሙያ ሕይወት በጋዜጣ ሲቀርብ ቅርጹ የታወቀ ነው፦ የት ተማረ፣ መቼ ዶክተር ሆነ፣ ስንት ጽሑፍ አሳተመ፣ ምን ተሸለመ። ለብዙ ሙያ ይህ ያስኬዳል። ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዲቫይሶችንና በናኖሜትር (በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ) የሚለኩ ቅርጾችን ለሚያጠና የቁስ ሳይንስ ተመራማሪ ግን ዋናውን ነገር ሳይነካው ያልፋል። በሙያው ያለን ሰዎች ስንገናኝ የምናስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ስንት ሠራህ? ከእነሱ ውስጥስ ስንቱ ሠሩልህ?» እንባባላለን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ጥያቄው ጋዜጣ ላይም፣ ቅጥር ኮሚቴ ዘንድም፣ ሙያውን ሊጀምር ያሰበ ወጣት ጆሮም እንዲደርስ ስለምንፈልግ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በሒሳብ ቢታይ ይቀላል። አንድ ዲቫይስ ለመሥራት 8 የሥራ ደረጃዎች ያስፈልጋሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከ100 ጊዜ 90ውን ይሳካል። 90 በመቶ ጥሩ ውጤት ይመስላል። ስምንቱም ተከታትለው የመሳካታቸው ዕድል ግን 43 በመቶ ብቻ ነው። ደረጃዎቹ 20 ሆነው እያንዳንዳቸው 95 በመቶ ቢሳኩ እንኳ እስከ መጨረሻው የሚደርሰው 36 በመቶ ገደማ ነው። በጀማሪ እጅ አንዱ ደረጃ ወደ 50 በመቶ ከወረደ ደግሞ የቀረው ሁሉ እንከን ባይኖረውም ግማሹ ሥራ ይጠፋል። የተመራማሪው ጊዜ በብዛት የሚያልቀው ከእነዚህ ደረጃዎች የትኛው እየከዳው እንደሆነ በማፈላለግ ነው።

አንድ የተለመደ ሥራ እንውሰድ፤ በቁራጭ ግራፊን ላይ የወርቅ ኤሌክትሮድ (ከረንት የሚገባበትና የሚወጣበት የብረት መስመር) ማሳረፍ። ግራፊን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ግራፋይትን በማጣበቂያ ቴፕ እየላጡ የለዩትን ንጣፍ የኤሌክትሪክ ጠባይ በ2004 አሳተሙ፤ በ2010 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። የቴፑ ነገር በሰፊው ተጽፏል። ብዙም ያልተነገረው ንጣፉ በዓይን እንዲታይ ያደረገው ነገር ነው። ግራፊኑ የሚያርፍበት ሲሊከን 300 ናኖሜትር ገደማ የሚወፍር የኦክሳይድ ሽፋን ሲኖረው፣ በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ሥር ትንሽ የቀለም ልዩነት ይፈጠራል። ሽፋኑ 315 ናኖሜትር ከሆነ፣ ማለትም በ5 በመቶ ብቻ ከወፈረ፣ ግራፊኑ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ላይታይ ይችላል። «ኦክሳይድ ያለበት ሲሊከን» ብሎ ብቻ ያዘዘ ተማሪ ወራቱን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የሌለ ነገር እየፈለገ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ከፊቱ አለ።

ሲሊከኑ ግራፊን ከማረፉ በፊት በአሴቶን፣ ወዲያው በአይሶፕሮፓኖል ታጥቦ በደረቅ ናይትሮጅን ይነፋል። አሴቶን ፈጥኖ ስለሚተን ያሟሟውን ቆሻሻ እዚያው ላዩ ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ስለዚህ አሴቶኑ ሳይደርቅ አይሶፕሮፓኖሉ መከተል አለበት። ግራፊኑ ከተገኘ በኋላ ፒኤምኤምኤ የሚባለው ፕላስቲክ ሟሙቶ ሲሊከኑ ላይ ይፈስስና በደቂቃ 4,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ እንደ ፈሳሹ መቅጠንና መወፈር 200 ናኖሜትር ገደማ የሚሆን እኩል ሽፋን ይወጣዋል። ከዚያ በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ትኩስ ሳህን ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል። በኤሌክትሮን ጨረር የሚፈለገው ቅርጽ ይጻፍበታል፤ ጨረሩ ያገኘው ቦታ የፕላስቲኩ ረጃጅም ሞለኪውሎች ይቆራረጣሉ። አንድ እጅ ሜቲል አይሶቡቲል ኬቶንና ሦስት እጅ አይሶፕሮፓኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ውስጥ አንድ ደቂቃ ሲነከር የተቆራረጠው ይሟሟል፣ ያልተነካው ይቀራል። ወርቅ ኦክሳይድ ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ መጀመሪያ 5 ናኖሜትር ቲታኒየም ወይም ክሮሚየም፣ ከላዩ 50 ናኖሜትር ወርቅ በቫክዩም (አየሩ በተመጠጠ ዕቃ) ውስጥ ተኖ ያርፍበታል። በመጨረሻ ሁሉም አሴቶን ውስጥ ይገባል፤ ፕላስቲኩ ሟሙቶ በላዩ ያለውን ወርቅ ይዞ ይነሣል፤ ቅርጹ ላይ ያረፈው ወርቅ ብቻ ይቀራል።

በወረቀት ላይ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ሥራ ነው። የሚበላሽበት መንገድ ግን ብዙ ነው፤ አብዛኛውም በዓይን አይታይም።

ጨረሩ ካነሰ ከታች በጥቂት ናኖሜትር የምትለካ የፕላስቲክ ቅሪት ትቀራለች። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርጹ የተከፈተ ይመስላል፤ ወርቁ ያረፈው ግን ፕላስቲክ ላይ ነው። እድለኛ የሆነ ሰው ወርቁ አሴቶን ውስጥ ተነሥቶ ሲሄድበት ችግሩን ያውቃል። እድለኛ ያልሆነው ወርቁ ይቀርለትና ከሳምንታት በኋላ በልኬት ላይ ግራ ይጋባል። ጨረሩ ከበዛ ደግሞ መስመሮቹ ይሰፉና ጎረቤታሞቹ ይነካካሉ። ከሲሊከኑ ተጋጭተው የሚመለሱ ኤሌክትሮኖች አካባቢውን ጭምር ስለሚነኩ፣ ለብቻው ለቆመ መስመር የሚበቃው መጠን ለተቀራረቡ መስመሮች ይበዛል። መፍትሔው ከዚያው ሲሊከን በተቆረጠ ትርፍ ቁራጭ ላይ አንዱን ቅርጽ በ10 በመቶ እየጨመሩ ደጋግሞ መጻፍና ትክክለኛውን መምረጥ ነው። ይህን ፈተና አዲስ የፕላስቲክ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር መድገም ያስፈልጋል። ጊዜ ማባከን የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ እኛ ግን በዚህ ሙያ ከሚሠሩ ነገሮች ሁሉ ጊዜን ይበልጥ የሚያተርፈው እሱ ነው እንላለን።

የወርቁ ውፍረት ከፕላስቲኩ ከሦስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ከወፈረ ከላይ ያለውና ከታች ያለው ወርቅ በጎን ግድግዳው ይያያዛሉ፤ ሲነሣ ይቀደዳል፣ ጠርዙ ላይም ቀጥ ብለው የቆሙ የብረት ጆሮዎች ይተርፋሉ። ብረቱ በስፐተሪንግ (ብረቱን በጋዝ አዮኖች እየደበደቡ አቶሞቹን በማስፈንጠር) ከተደረገ ግድግዳው ጭምር ስለሚሸፈን ይህ ይብሳል፤ በቫክዩም ውስጥ በሚተን ብረት፣ ግፊቱ ከአንድ ሚሊባር አንድ ሚሊዮንኛ አካባቢ ሲደርስ፣ አቶሞቹ ቀጥ ብለው ስለሚጓዙ ግድግዳው ይድናል። በቶሎ የሚሟሟ ሌላ የፒኤምኤምኤ ዓይነት ከሥር መደረብ ደግሞ ከታች የሰፋ ክፍተት ስለሚሰጥ ነገሩን ይበልጥ ያስተማምናል። አሴቶኑ ውስጥ ሌሊቱን ማሳደር ከመቸኮል ይሻላል። የተላጠ ወርቅ እየተንሳፈፈ ሳለ ቁራጩን አውጥቶ ያደረቀ ሰው፣ ያ ብጣሽ የትም ይረፍ የት ዳግመኛ እንደማይነሣ ይወቅ። በአልትራሳውንድ ማራገፍም ወርቁን ብቻ ሳይሆን ግራፊኑንም ይዞ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ተሳክቶ ልኬት ሲጀመር ሌላ ወጥመድ አለ። ሰው እንኳ የማይሰማው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ዲቫይሱን በቅጽበት ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ እጅ ከመሬት ጋር በሽቦ ሳይያያዝ ምንም አይነካም። በጠርዞቹ ላይ ወርቁና ግራፊኑ የሚገናኙበት ሬዚስታንስ (ከረንትን የመግታት መጠን) እያንዳንዱ 1,000 ኦም፣ ግራፊኑ ራሱ 500 ኦም ቢሆን፣ በሁለት ሽቦ የለካ ሰው 2,500 ኦም ያነባል። «የግራፊኑ ነው» ብሎ ቢያሳትመው አምስት እጥፍ ተሳስቷል። በአራት ሽቦ፣ ማለትም ከረንቱን በውጭዎቹ አስገብቶ ቮልቴጁን በውስጥኞቹ የለካ ግን 500ውን ያገኛል። ከአየር የሚጣበቅ እርጥበትም ንባቡን ያዛባል፤ ግራፊኑን ለመቆጣጠር ከሥሩ በሲሊከኑ በኩል የሚሰጠውን ቮልቴጅ ከፍ እያደረጉ የተሳለው መስመርና ዝቅ እያደረጉ የተሳለው አይገጥሙም። ሁለቱንም አቅጣጫ የማያሳይ ሥዕል ስናይ እኛ እንጠረጥራለን።

በፈሳሽ ውስጥ ቅንጣት የሚሠሩትም ከዚህ አያመልጡም። ከ1951 ጀምሮ በጆን ተርኬቪችና በባልደረቦቻቸው ስም የሚታወቀው የወርቅ ናኖ ቅንጣት አሠራር እንደ ቀላል ማስተማሪያ ይቆጠራል፦ በውኃ የቀጠነ የወርቅ ክሎራይድ ይፈላል፣ ሶዲየም ሲትሬት ይጨመርበታል፤ ቢጫው ፈሳሽ መልኩን አጥቶ ይጠቁርና በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል። ቅንጣቶቹ ከ15 እስከ 20 ናኖሜትር ገደማ ሲሆኑ አብዝተው የሚውጡት የሞገድ ርዝመቱ 520 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን ነው። ፈሳሹ ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ከሄደ ቅንጣቶቹ ተጣብቀዋል ማለት ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው በደንብ ያልታጠበ ብርጭቆ ወይም ጨው የቀረበት ውኃ ነው። ብርጭቆው ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክና አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ በተቀላቀለበት ይታጠባል። ይህ ድብልቅ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ የፈነዳ ጠርሙስ ታሪክ የሌለው ቤተ ሙከራ ጥቂት ነው።

መጠኑን መለካትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በኤክስሬይ የሚገኘው የመስመር ስፋት የሚናገረው ስለ ክሪስታሉ መጠን ነው፤ አንዱ ቅንጣት ብዙ ክሪስታሎች ሊይዝ ይችላል፤ ማሽኑ ራሱ የሚጨምረው ስፋትም መቀነስ አለበት። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ፈተናው የዓይን ነው። ቆንጆ ሆኖ የተደረደረው ጥግ ፎቶ ይነሣል፤ የተዝረከረከው ይታለፋል። ቢያንስ መቶ ቅንጣት ከተለያየ ቦታ ያልቆጠረ ሰው አማካይ መጠን ነግሮናል ለማለት እንቸገራለን።

አሁን ይህን ወደ ዓመታት እንለውጠው። ዶክትሬት በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያው ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በሥልጠና ያልፋል፤ ንጹሕ ክፍል መግባት፣ የኬሚካል ደህንነት፣ እያንዳንዱን ማሽን ለብቻው ተፈትኖ ፈቃድ ማግኘት። ንጹሕ ክፍሉ በአይኤስኦ (በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) መለኪያ 5ኛ ደረጃ ከሆነ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ግማሽ ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ብናኞች ከ3,520 መብለጥ የለባቸውም። ትልቁ የብናኝ ምንጭ ሰው ራሱ ነው። ከእግር እስከ ራስ መሸፈኑም፣ በቀስታ መራመዱም ለዚህ ነው።

ከዚያ የድኅረ ዶክትሬት 2 ወይም 3 ዓመት ይመጣል፤ ብዙዎች ሁለት ጊዜ ያደርጉታል። ይህን ጊዜ እንደ መጠባበቂያ ማየት ስሕተት ነው። ቁስ ማብቀል የተማረ ሰው ልኬትን፣ ልኬት የተማረ ሰው ደግሞ መሥራትን የሚጨምርበት ብቸኛ ዕድል ሊሆን ይችላል። ያንኑ የሚያውቀውን ለመድገም የሄደ ሰው ጽሑፍ ያበዛል፤ የራሱን ቤተ ሙከራ ሲከፍት ግን ግማሹ ሥራ በሰው እጅ እንደሆነ ያገኘዋል።

ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ የተቀጠረ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የክፍል ጉዳይ ነው። የኤሌክትሮን ጨረር በሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይወላገዳል፤ ማሽኑ ከአሳንሰር፣ ከዋና የኤሌክትሪክ ገመድና ከከባድ ሞተር መራቅ፣ ቢቻል ምድር ቤት መሆን አለበት። የቦታው ንዝረትና መስክ ማሽኑ ከመታዘዙ በፊት ይለካል። ማቀዝቀዣ ውኃ፣ የናይትሮጅን መስመር፣ የጋዝ ማስወጫ፣ የፓምፕ ዘይት፣ የጥገና ውል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ወራት ይወስዳል። የቀድሞ ቤተ ሙከራው የአሠራር ቀመርም አብሮት አይመጣም። በ30 ኪሎቮልት ማሽን ላይ የሠራበት የጨረር መጠን፣ በ100 ኪሎቮልት ማሽን ሲሆን ሦስት እጥፍ ገደማ ያስፈልገዋል፤ የአየሩ እርጥበት ይለያል፤ የሚተነው ብረት ከሌላ ሰው ብረት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሁሉም እንደ አዲስ ይፈተሻል። ለቋሚነት የሚገመገምበት ሰዓት ግን ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል፤ 5፣ 6 ወይም 7 ዓመት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ባዶ መስለው ይታያሉ፤ ባዶ አይደሉም።

ኮሚቴዎች የሚያዩት ቁጥር ብዙ ጊዜ የኤች ኢንዴክስ ነው። የፊዚክስ ምሁሩ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረቡት ይህ ቁጥር፣ አንድ ሰው ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ የተጠቀሱ ስንት ጽሑፎች እንዳሉት ይናገራል፤ 20 ከሆነ እያንዳንዳቸው 20 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሌሎች ሰዎች የእሱን አሠራር ተከትለው ተሳክቶላቸው እንደሆነ አይናገርም። በእኛ ሙያ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው መለኪያ እሱ ነው።

የሰማያዊው ኤልኢዲ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ለሰማያዊ ብርሃን ጋሊየም ናይትራይድ እንደሚያስፈልግ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ የጠፋው አሠራሩ ነበር። ክሪስታሉ የሚበቅለው በሳፋየር ላይ ሲሆን የሁለቱ የአቶም ርቀት በ16 በመቶ ገደማ ስለማይገጥም የሚወጣው ስንጥቅጥቅና ሸካራ ነበር፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ወደ ሌላ ቁስ ዞረው ነበር። ናጎያ ላይ አካሳኪና ያኔ ተማሪ የነበሩት አማኖ፣ በቅድሚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ስስ የአሉሚኒየም ናይትራይድ ንጣፍ አሳርፈው ከዚያ ከ1,000 ዲግሪ አካባቢ ላይ ጋሊየም ናይትራይዱን ሲያበቅሉ ጥርት ያለ ክሪስታል አገኙ፤ በ1986 አሳተሙት። የቀረው ማግኒዥየም ሲጨመርበት ከረንት እንዲያስተላልፍ ማድረግ ነበር። በ1989 የኤሌክትሮን ጨረር ሲያርፍበት እንደሚሠራ አሳዩ። ምክንያቱን ግልጽ ያደረጉት ናካሙራና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሲበቅል የሚገባው ሃይድሮጅን ማግኒዥየሙን አስሮ ይይዘዋል፣ በማሞቅ ብቻ ሊባረር ይችላል። ማሞቅ ማንም ፋብሪካ የሚደግመው ሥራ ስለሆነ መንገዱ ተከፈተ። በእነዚያ ዓመታት የአማኖን የሥራ ሕይወት በጽሑፍ ብዛት ብቻ የመዘነ ሰው ምን ያህል በተሳሳተ ነበር!

አሜሪካዊቷ የፊዚክስ ምሁር ሚልድረድ ድሬስልሃውስም በዚህ መልኩ ይታወሳሉ። በ1960 በኤምአይቲ ሊንከን ቤተ ሙከራ ሲጀምሩ የካርቦንን ጥናት የመረጡት ከባድና ጥቂት ሰው ብቻ የሚሠራበት ስለነበር ነው፤ ልጆች እያሳደጉ በራሳቸው ፍጥነት ሊሠሩበት ይችሉ ነበር። ናኖቲዩብ (ከካርቦን የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ) እና ግራፊን የዓለም ወሬ በሆኑበት ጊዜ የእሳቸው የአሥርተ ዓመታት ልኬት መሠረት ሆኖ ተገኘ፤ በ2012 የካቭሊ ሽልማትን በናኖሳይንስ አገኙ። ለወጣት የምንመክረውም ይህን ነው። ዘገምተኛ ሥራ የሚጠይቅ ርዕስ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ አይመረጥም።

ተቃራኒው ምሳሌ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የነበረው ያን ሄንድሪክ ሾን ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሞለኪውል ትራንዚስተሮች ላይ አስደናቂ ጽሑፎችን በፍጥነት አወጣ። ሌሎች ሊደግሙት አልቻሉም። በተለያዩ ዲቫይሶች ተለካ በተባሉ ሥዕሎች ላይ ጭረቱ፣ ማለትም የዘፈቀደ መሆን የነበረበት ነውጥ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በ2002 የወጣው የመርማሪ ኮሚቴ ሪፖርት ከ24 ክሶች 16ቱን አረጋገጠ። በሥርዓት የተያዘ የሥራ መዝገብ አልነበረውም፤ ጥሬ መረጃው ተሰርዟል፤ ዲቫይሶቹም ለፍተሻ አልቀረቡም። ጽሑፎቹ ይጎርፉ በነበረበት ወቅት «ስንት ሠራህ? አሳየን» የሚለው ጥያቄ ጠንከር ብሎ ቢቀርብ ነገሩ ያን ያህል ባልቆየ።

ስለ መዝገብ ይህን እንጨምር። የሚጻፈው «ቀባሁ፣ ጋገርሁ» ብቻ ከሆነ አይጠቅምም። የሲሊከኑ የምርት ቁጥር፣ የፕላስቲኩ ጠርሙስ የተከፈተበት ቀን፣ የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት፣ የጨረሩ መጠን፣ የተነከረበት ሴኮንድ፣ ከእኛ በፊት በማትነኛው ማሽን ማን ምን ብረት እንደተጠቀመ ጭምር ይጻፋል። ሥራው አንድ ቀን ሳይታሰብ ሲበላሽ መልሱ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ነው። ሲፈተሽም አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ከጎኑ ምንም ያልተለወጠበት ቁራጭ አብሮ ይሄዳል። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ የተሳካለት ሰው ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወር ሲከዳው ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ተንጠልጥለው የሚርገበገቡ ጥቃቅን ምላሶችን ለመሥራት ከሥራቸው ያለው ኦክሳይድ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይወገዳል። በኋላ ውኃው ሲደርቅ የገጽ ውጥረቱ ምላሱን ስቦ ከታች ያጣብቀዋል፤ ለዚህ ውኃው በአልኮል፣ አልኮሉ በፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተተክቶ ከ31 ዲግሪና ከ73 አትሞስፌር በላይ ይደርቃል። የምላሱ መጣበቅ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ የአሲዱ አደጋ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። የቀጠነ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳን ሲነካ ለሰዓታት ላያምም ይችላል፤ እስከዚያ ውስጥ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ያስራል። ወዲያው በብዙ ውኃ መታጠብ፣ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል መቀባት፣ ሳይታመሙም ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። ጄሉ ክፍሉ ውስጥ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ከሌለ ሥራው አይጀመር። ብቻውን የሚሠራበት ሰውም አይኑር።

ወጣቱ የምርምር ቡድን ሲመርጥ አማካሪውን ስለ ጽሑፎቹ ከመጠየቁ በፊት ተማሪዎቹን ያነጋግር። ዋናውን ማሽን ለመጠቀም ስንት ሳምንት ወረፋ ይጠበቃል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ከአንድ ሲሊከን ላይ በአማካይ ስንት የሚሠራ ዲቫይስ ይወጣል? የተመረቀው ተማሪ የአሠራር ቀመር ተጽፎ ተቀምጧል ወይስ አብሮት ሄዷል? መልሱን የሚያመነታ ቡድን ውስጥ ሦስተኛው ዓመት ላይ ምን እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም። ኮሚቴዎች ደግሞ አመልካቹን አንድ የራሱን ሥዕል አስይዘው፣ ስንት ዲቫይስ እንደተሠራ፣ ስንት እንደተለካና ሥዕሉ ላይ ያለው እንዴት እንደተመረጠ ይጠይቁት። የሠራው ሰው ሳያስብ ይመልሳል። የመጽሔት ገምጋሚዎችም ይህንኑ ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ እንዲሰፍር ቢያስገድዱ ብዙ የከንቱ ድካም ይቀንሳል፤ ከ60 ዲቫይሶች ሁለቱ ሠርተው ከሆነ ለሚደግመው ሰው ይህ ከሥዕሉ የሚበልጥ ዜና ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከዝግጅት ክፍላችሁ የምንለምነው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ ውብ ምስል ገጻችሁ ላይ ስታወጡ ከሥሩ የፕሮፌሰሩ ስም ብቻ አይቅር። ቁሱን ያበቀለው፣ ናሙናውን ያሳሳው፣ ማሽኑን ያስተካከለው ቴክኒሻን ስማቸው ማን እንደሆነ ጋዜጠኛው ይጠይቅና ይጻፍ። ናሙናው በኤሌክትሮን እንዲታይ ከ100 ናኖሜትር በታች መሳሳት ነበረበት፤ ያን ያደረገ እጅ አለ። የምስሉ የመጠን መስመርም አይቆረጥ፤ ያለ እሱ አንባቢው የሚያየው ነገር አንድ ማይክሮሜትር ይሁን አምስት ናኖሜትር ማወቂያ የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
በቁስ ሳይንስና በጥቃቅን ዲቫይሶች ዘርፍ የምንሠራ ተመራማሪዎች